አሥራ አንድ የኔታ

እህቴ ሽማግሌ ሰው በባዶ ስሙ ሲጠራ ከሰማች ቀኗ ይበላሻል። «አባ» የለ፣ «ጋሼ» የለ፣ «አቶ» እንኳ የለ፣ እንዲሁ ስምን አንጠልጥሎ መጥራት ለእሷ ሰውን በአደባባይ ከመስደብ አይተናነስም። እኔም በዚያው ቤት ያደግሁ ነኝና ጨዋነቷን አልጠላውም። ግን ይኸው ጨዋነት አንድ ጊዜ የሰው ዓይን ሊያጠፋብኝ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የያዘኝ ንዴት እስካሁን አልለቀቀኝም፤ በማን ላይ እንደተናደድኩ በትክክል ለማወቅም ጊዜ ወስዶብኛል።

ደብረ ታቦር ውስጥ ሁለት ክፍል ያላት የዓይን ምርመራና የመነጽር ቤት አለችኝ። ቀድሞ የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ ኋላ ትምህርቴን አሻሽዬ የራሴን ከፈትኩ። በውስጠኛው ክፍል እኔ እመረምራለሁ። በውጭኛው እህቴ ትመዘግባለች፣ መነጽር ታስሞክራለች፣ በመካከሉም የመጣውን ሰው ከነከብቱ ደህንነቱን ትጠይቃለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምራ ጡረታ ስለወጣች የእጅ ጽሕፈቷን ያየ ሁሉ ያደንቃል። እኔም አደንቅ ነበር።

ከሚመጡልን ሰዎች መካከል አንድ የኔታ ነበሩ። ድጓ ያስተምራሉ። ግራ ዓይናቸው እኛን ከማወቃቸው በፊት ጠፍቷል፤ የቀረቻቸው የቀኟ ብቻ ናት፤ እሷም ግላኮማ ነበረባት። ግላኮማ ማለት ዓይን ውስጥ ያለው ውኃ ግፊቱ ጨምሮ የዓይኑን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል ሕመም ነው። አያምም፣ አያሳክክም፣ አያቀላም። እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል፤ ሰውየው ሲነቃ አብዛኛው ነገር አልፏል። የሞተው አይመለስም፤ ያልሞተውን ግን በጠብታ፣ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ግፊቱን እለካለሁ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ካለፈው ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ ነው። የዛሬን በፈለግሁ ጊዜ መለካት እችላለሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመትን ግን ተመልሶ የሚለካ መሣሪያ የለም።

መጀመሪያ መዝገባችን ትልቅ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነበር። እትዬ በየቀኑ የመጣውን በተራ ትጽፋለች። ችግሩ አንድ ሰው አራት ጊዜ ከመጣ አራቱ ቀን አራት ቦታ መሆኑ ነው። ያለፈውን ለማየት ገጽ መግለጥ አለብኝ፤ በር ላይ ሃያ ሰው ተቀምጦ ገጽ ስገልጥ የምውለው እንዴት ነው? «እትዬ፣ ባለፈው ስንት ነበር?» ብዬ እጮኻለሁ። «ቆይ ልፈልግልህ» ትላለች። ሳታገኘው ሰውየው ይሄዳል። በአንዱ ሐምሌ ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰና የሁለት ወር ገጽ ተጣብቆ እንደ ቂጣ ደረቀ። ጉና ተራራ ላይ የዘነበ ሁሉ በእኛ ቆርቆሮ በኩል የሚያልፍ ይመስል ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር ገዛሁ። ሰባት ወር ሠራልን። መብራት በከተማችን መጥፋቱን ማንም ይችለዋል፤ የማይቻለው አመጣጡ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ድንገት መጣና አምፖሉ ከልክ በላይ በራ፣ ጓዳ ያለችው ማቀዝቀዣ አጉረመረመች፣ ከኮምፒውተሩም የላስቲክ ሽታ ወጣ። ጠጋኙ ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልኝ። «ሌላውን እቀይርልሃለሁ፤ ውስጡ ያለው ግን አይወጣም» አለኝ። ፍላሽ ላይ ገልብጠን ነበር፤ ፍላሹን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ሰካሁትና ቫይረስ በላው። የሰባት ወር ልኬት በዚህ ዓይነት ጠፋ። እትዬ አዲስ ደብተር ገዝታ መጣች።

አነስተኛ ንግድ ቤቶች ለምን መዝገባቸውን በኢንተርኔት ወደሚያኖሩበት ወደ ክላውድ እንደሚገቡ በየስብሰባው ሲነገር እሰማለሁ። ለማደግ፣ ለመዘመን፣ ተወዳዳሪ ለመሆን ነው ይባላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በእኛ መንገድ ዳር የገባ ሁሉ የገባው አንዴ ስለተቃጠለ ነው። የከብት መድኃኒት ሻጩ ላፕቶፑ ተሰርቆ ገባ። የሠርግ ልብስ የምታከራየው ሴት ማን ለየትኛው እሑድ እንደያዘ የተጻፈበት ስልኳ ሽንት ቤት ገብቶባት፣ በአንድ እሑድ ሁለት ሙሽሮች ለአንድ ካባ ከተደባደቡ በኋላ ገባች። እድገት የሚባለው ነገር ኋላ የመጣ ስም ነው። እኛ በደንብ ደንግጠን ነው የገባነው።

መንገዱን ያሳየን ከጎናችን የተከራየ የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህር ነው። ከደቡብ የመጣ፣ ትሑት፣ ችኩል ያልሆነ ወጣት ነው። ታብሌት አስገዛኝና አንድ ፕሮግራም ጫነልን፤ ከዚያ ለእትዬ ያስረዳት ጀመር።

«መዝገባችሁ እዚህ ቤት አይቀመጥም» አላት። «ሩቅ አገር፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የሚቀመጠው። ቤቱ ቢቃጠል፣ ታብሌቱ ቢሰበር፣ በሌላ ስልክ ትከፍቱታላችሁ።»

«ስሙን ማን አልከው ልጄ?»

«ክላውድ። ደመና እንደ ማለት ነው።»

እትዬ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። «እኔ የተወለድኩት ጉና ሥር ነው» አለችው። «ደመና የያዘውን ሲያፈስ ነው የማውቀው። ያስረከቡትን መልሶ ሲያስረክብ አይቼ አላውቅም።»

መምህሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደግሞም የሰው ሕመም ማንም እንዳያየው የይለፍ ቃል እንዳለው ሲነግራት፣ ቃሉን በወረቀት ጽፋ ታብሌቱ ጀርባ ላይ ለጠፈችው። እንዳይረሳ ነው አለችን። ወረቀቱን ስንልጥ፣ እሷ ስትለጥፍ አንድ ሳምንት አለፈ።

ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ደግሞ መከራዬን አየሁ። ፕሮግራሙ የገባውን ሁሉ ታብሌቱ ላይ ይዞ ቆይቶ መስመር ሲመለስ ይልከዋል፤ ስለዚህ የጠፋ ነገር አልነበረም። ይህን አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ስትከፍት ሰማዩን ቀና ብላ እያየች «ዛሬስ ደመናህ አለ?» ትለኛለች። ይህን የምትለኝ ሕመምተኛ ፊት ነው።

በአንዱ ዐቢይ ጾም የድሮ ደብተሮቹን በሙሉ ወደ ታብሌቱ አስገባች። ሁለት ወር ሙሉ፣ በአንድ ጣት፣ ሳትሰለች። እንዲያ ያለ ሥራ ከእሷ በቀር ማንም አይሠራውም፤ ይህን መካድ አልችልም። ጨርሳ ስታስረክበኝ ደስ ብሎኝ ከፈትኩትና የአንዲት አሮጊት ስም ጻፍኩ። የለም። የሌላ ሰው ጻፍኩ። የለም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስመለከተው ግማሹ ከተማ «አባ» ነው። ከ«አባ» የተረፈው «እማሆይ» ነው። ከዚያ «ቄስ»፣ ከዚያ «ጋሼ»፣ ከዚያ «እሜቴ»፣ ከዚያ «ፊታውራሪ»፤ ፊታውራሪ የሚባል ሹመት ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እኛ ዘንድ ግን ሁለት አሉ።

ፕሮግራሙ ሁለት ሣጥን ነው የሚሰጠው፤ ስም እና የአባት ስም። ስም በሚለው ላይ ማዕረጉን ጽፋለች። የአባት ስም በሚለው ላይ ደግሞ ሰውየውን የምታውቅበትን ምልክት አስገብታለች። «አባ፣ ሳል ያላቸው»። «እማሆይ፣ የባለሱቁ እናት»። «ቄስ፣ ረጅሙ»።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ስማቸው የታለ?»

«ስማቸውን ምን አድርጌ እጠይቃለሁ? አንቱ ማን ይባላሉ ብዬ? እሳቸው እኮ አባታችንን የቀበሩ ናቸው።»

«ይኼ ማሽን እኮ አባታችንን ማን እንደቀበረ አያውቅም።»

«እንዲያውቅ አድርገዋ ታዲያ። ዘመናዊ ነው አላልክም?»

ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። እሷ ከምልክቶቿ ሰውየውን በደቂቃ ታወጣዋለች፤ እኔ ደግሞ ሰው በር ላይ ተቀምጦብኛል። «ቀስ እያልሽ ታስተካክይዋለሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። ያ እሺ እምቢ መሆኑን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

የኔታዎቹ ከሁሉ የባሱ ነበሩ። በእኛ አካባቢ የአብነት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ መምህር ሁሉ የኔታ ነው፤ የኔታን በስሙ የሚጠራ ደግሞ ወላጁ ብቻ ነው፤ እሱም ሞቷል። ዝርዝራችን ላይ አሥራ አንድ ነበሩ። «የኔታ፣ የጣራ ገዳሙ»። «የኔታ፣ ቀዩ»። «የኔታ፣ የጉናው»። «የኔታ፣ የጉናው ሌላው»። ለዚህ ለመጨረሻው የኮምፒውተሩ መምህር ራሱ ሆዱን ይዞ ስቋል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ወይም ሳቄን ሳልጨርስ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

አንድ ዓይናው የኔታ በመጡ ቁጥር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ እለካለሁ። ጠብታውን ይጠቀሙ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ጠብታው እኮ ጉሮሮዬ ይደርሳል። ይመረኛል።»

እውነታቸውን ነው። የዓይን ጠብታ በእንባ መውረጃው አልፎ ጉሮሮ ላይ ይመራል።

«ታዲያ በጾም መግደፍ አይሆንብኝም?»

መድኃኒት እንደማይከለከል የንስሐ አባታቸውም ነግረዋቸዋል። ለሌላው ሰው እሳቸውም እንዲሁ ነው የሚፈርዱት። ለራሳቸው ግን አልፈቀዱም። በጾም ቀን የጠዋቱን ጠብታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል። ከሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ ከዓመቱ ነቢያት፣ ዐቢይ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፤ እሳቸው ጽጌንም ይጾማሉ። ለእኔ ይህ በጣም ምቹ ምክንያት ሆነልኝ። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር «ጾም ነው» አልኩ። «ደህና ነው የኔታ፤ ሲፈታ ይወርዳል።» እሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ይነሣሉ። ያለፈውን ቁጥር ታብሌቱ ላይ እከፍታለሁ፤ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር አገኛለሁ፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሳልከፍት ቀጣዩን እጠራለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር መጡ፤ ጢሙ የሸበተ ገበሬ ነው። እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ያን ቀን መጀመሪያ ያየሁት ያንን ነው፤ የኔታ እጃቸውን ሰው ይዟቸው አያውቅም። ለካሁ። ሃያ ዘጠኝ። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። ሃያ ዘጠኝ። ከሃያ አንድ በላይ የሆነ ግፊት ያሳስበናል፤ እንደ እሳቸው አንዲት ዓይን ብቻ ለቀረችው ሰው ሃያ ዘጠኝ ማለት እሳት ነው። ወዲያው የሪፈር ወረቀት ጻፍኩላቸውና በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በሚኒባስ ባሕር ዳር ገቡ።

እዚያ የምናውቃት የዓይን ሐኪም አለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«የላኩልኝን ሰው አይቻቸዋለሁ» አለች። «ግፊቱ እዚህም ያው ነው። አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይህ ዓይን ቀስ እያለ ነው እዚህ የደረሰው ወይስ ሰሞኑን ድንገት ነው የወጣው?»

«ጾም ሲሆን ጠብታ ያቆያሉ» አልኳት።

«እሱን ነግረውኛል። እኔ የምፈልገው ቁጥሩን ነው። ደህና ቆይቶ ጠብታ በማቋረጥ ድንገት የወጣ ከሆነ፣ መድኃኒት ጨምሬ እጠብቃለሁ፤ ባለቻቸው አንድ ዓይን ላይ ያለ ምክንያት ቢላ አላነሣም። ጠብታ እየወሰዱም ለዓመታት ሲወጣ የኖረ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አልያዘውም ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና አደርጋለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ቦታ አለኝ።»

«መዝገቡ አለ። አሁን እልክልሻለሁ» አልኳት በኩራት። መብራት አልነበረም፤ ታብሌቱ ግን ባትሪ ነበረው፤ መስመሩም ይሠራ ነበር። ለዚህ ለዚህ አይደል ይህን ሁሉ ጣጣ የተሸከምኩት?

«አንድ ነገር ደግሞ» አለች። «ወረቀቱ ላይ የታካሚ ስም በሚለው ቦታ ‹የኔታ› ብለው ነው የጻፉት። ስማቸው ማን ነው?»

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ። እትዬን ለሁለት ዓመት ስወቅስ የኖርኩት ሰውዬ፣ አራት ዓመት ያየኋቸውን ሰው ስም አላውቅም።

«እሳቸው ምን አሉሽ?»

«የክርስትና ስማቸውን ነው የነገሩኝ። በእሱ ይፈልጉት።»

ፈለግሁት። እርግጥ ነው፣ የለም። በክርስትና ስሙ የተመዘገበ አንድም ሰው የለንም። ወደ ውጭኛው ክፍል ወጥቼ ታብሌቱን እትዬ ፊት አኖርኩት።

«ባሕር ዳር የሄዱት የኔታ የትኛው ናቸው?»

«የጋፋቱ ናቸዋ» አለች ሳታቅማማ። «ከጋፋት ማዶ ነው ጉባኤያቸው።»

«የኔታ፣ የጋፋቱ» የሚለውን ከፈትኩት። አራት ልኬት፤ የሰሞኑ ሃያ ዘጠኝ ገና አልገባም። ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። የመጀመሪያው ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ነው።

«ከዚያ በፊትስ? እኚህ ሰው እኮ አራት ዓመት ሆናቸው።»

እትዬ ጣሪያውን አየች። «ከዚያ በፊት እንኳ ጋፋት አልነበሩም። ያኔ በበቅሎ ነበር የሚመጡት።» ታብሌቱን ወሰደችና በዚያች አንድ ጣቷ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። «ይኸው። ‹የኔታ፣ ባለበቅሎው›። እሳቸው ናቸው። በቅሎዋን ሸጠዋት ነው ጋፋት የወረዱት።»

«እና ሌላ ሰው አድርገሽ መዘገብሻቸው?»

«በቅሎ ሳይኖራቸው ባለበቅሎ ልበላቸው?»

ግንባሬን ግድግዳው ላይ ባጋጨው ደስ ባለኝ። ባለበቅሎው አራት ልኬት ነበራቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በቅሎ ሳይገዙ በእግራቸው ከጉና ይመጡ ነበር፤ ያኔ «የኔታ፣ የጉናው» ነበሩ። እዚያም አራት። አንድ ሰው ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ክላውድ የተባለው ነገር ቃሉን ጠብቋል፤ አንዲት ቁጥር አልጠፋችም። ሰውየውን ነው ሦስት ቦታ ከፍለን የሰጠነው።

የኮምፒውተሩ መምህር ሁለት መዝገብን አንድ የሚያደርግ ቁልፍ አሳይቶኝ ነበር። ሦስቱን አዋሃድኳቸው። ታብሌቱ አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በየቀናቸው ደርድሮ መስመር አሰመረላቸው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ። ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ሰበር ብሎ ካልሆነ በቀር አራት ዓመት ሙሉ ሽቅብ ነው የሄደው። ማንም አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያየዋል።

ጾሙን አሰብኩ። ቀኖቹን አየሁ። አብዛኞቹ እንዳልኩት ጾም ላይ ናቸው። ሃያ ሦስት የሚለው ግን የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ጠብታውን ጠዋት ማታ ሳያቋርጡ በሚወስዱበት ወቅት ሃያ ሦስት። ከቁጥሩ ጎን አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ። የራሴ ጽሑፍ ነው ያለበት። «ደህና» ይላል።

መስመሩን ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደወለች።

«አሁን አስገባቸዋለሁ» አለች። ከዚያ፣ «ይኼ የትንሣኤው ሃያ ሦስት…» አለችና አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ወደ እትዬ ስዞር ልጮኽባት ተዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ። እሷ ግን ታብሌቱን ይዛ ያቺን «ደህና» የምትለዋን ቃል ነበር የምታያት። ሄዳ በር ላይ ለተቀመጡት «ዛሬ ትንሽ ትታገሡናላችሁ» አለቻቸው። እኔ ውስጥ ገብቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝና አፈርኩ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። የቀረውን ማቆየት ተቻለ። የቀረው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ይቀር ከነበረው ያነሰ ነው፤ ይህን ሐኪሟም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

የኔታ መስከረም ላይ ለክትትል መጡ። ክረምቱ ሳይገባ እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው ያው የእህታቸው ልጅ ነው ያመጣቸው። ለካሁ፤ አሥራ አራት ነበር። ያለፈውን፣ ባሕር ዳር የተለካውን፣ አየሁ፤ አሥራ ሦስት። ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ቃላቱን ለብዙ ቀን ሳዘጋጅ ስለከረምኩ አንዴ ሳልተነፍስ ተናገርኩት። ቁጥሩ ሲወጣ እንደነበር፣ አለማየቴን፣ በጾማቸው ማመካኘቴን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ልልካቸው ይገባ እንደነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው የኔታ» አልኳቸው።

በዚያች በቀረችው ዓይናቸው ፊቴን ለማግኘት አንገታቸውን ትንሽ ዞር አደረጉ። ድሮ እንዲህ አያደርጉም ነበር።

«አውቀው ነበር እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«እየጠበበ መሄዱን። በቀኝ በኩል የሚቆመውን ተማሪ አላየውም፤ መቃኑም ይመታኝ ጀመር። ከበቅሎዋ የወረድኩትስ ለምን ይመስልሃል? ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ አላየው ስል ነው የሸጥኳት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ በየኔታ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «አንተ ለክተህ ‹ደህና ነው የኔታ› ስትለኝ ፊትህ እንዴት ይበራ እንደነበር አላየኸውም» አሉኝ። «ደክመህ ትውላለህ፤ በር ላይ ያ ሁሉ ሰው። አይደለም፣ ተሳስተሃል ብዬ እንዴት ላስቀይምህ?»